ጉልበቴ ላይ የምትቀመጥ ኪቦርድ

ላሊበላ ውስጥ የምተዳደረው ለሰው በመጻፍ ነው። ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ አቤቱታ፣ የሠርግ ጥሪ፣ አንዳንዴም ዓረብ ሀገር ላለች ልጅ የሚላክ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ከገበያው በላይ፣ መንገድ ዳር በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር አሉኝ። ድሮ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። እንግዳ ሲጠፋ ሥራውም ጠፋ፤ ከዚያ ዘመን የተረፈኝ ቁልፉን ሳያዩ መጻፍ የሚችሉ ዐሥር ጣቶች ናቸው።

አምና ግን ከማመልከቻ የሚበልጥ ሥራ መጣልኝ። ከብልባላ አንድ ሰዓት ያህል በእግር በሚያስኬድ መንደር የሚኖሩ አንድ የአቋቋም መምህር አሉ። ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው ከዜማው ጋር እንዴት እንደሚሄዱ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። አባቴንም ያስተማሩት እሳቸው ስለሆኑ እኛ ቤት በስማቸው ተጠርተው አያውቁም፤ የኔታ ብቻ ነው የምንላቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ልጅ ሆነው ከቤት ከወጡበት ቀን ጀምሮ ለትምህርት የዞሩትን ሀገር፣ ያገኟቸውን መምህራን፣ በመንገድ የደረሰባቸውን ሁሉ ማስጻፍ ፈለጉና ወደ እኔ ላኩ። «ያ ተማሪዬ የወለዳት ልጅ በመኪና ትጽፋለች ይላሉ፤ ትምጣልኝ» ነበር መልእክቱ። መኪና ያሉት ኮምፒውተሩን ነው።

ሐሙስ ሐሙስ መሄድ ጀመርኩ። ማለዳ እስከ ብልባላ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። የኔታ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ይጠብቁኛል፤ ባለቤታቸው ከጎናቸው ሆነው ጥጥ ይፈትላሉ። ጠረጴዛ የሚባል ነገር ቤቱ ውስጥ የለም። ላፕቶፑን የማስቀምጠው ድሮ መጻሕፍቶቻቸውን ይዘረጉበት በነበረው አትሮንስ ላይ ነው። መብራትም ስለሌለ ባትሪው ሦስት ሰዓት ቆይቶ እስኪያልቅ ድረስ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይከብደኝ ነበር። በየመካከሉ ያቋርጡና «አለሽ ልጄ?» ይሉኛል። «አለሁ የኔታ» እላለሁ። ጥቂት ሄደው ደግሞ «አለሽ?»። የእርጅና ነገር ነው ብዬ አልፈው ነበር።

በአራተኛው ሐሙስ ስመለስ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝ። ቦርሳዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ብሮጥም ውኃው ገብቶ ነበር። ላፕቶፑን ሁለት ቀን አደረቅሁት። ሲከፈት ከደስታዬ ብዛት እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ የመጀመሪያውን ደንበኛ ማመልከቻ ለመጻፍ እጄን ሳሳርፍ «ለ» እና «መ» የሚወጡባቸው ቁልፎች ሞተዋል። «ሰላም» ብዬ ብጽፍ «ሰአ» ብሎ ወጣ። «ላሊበላ» ብዬ ሞከርኩ፤ «አኢበአ» አለኝ። የራሴን ከተማ ስም መጻፍ አቃተኝ።

የሚጠግነው ሰው አገላብጦ አየውና፣ «የላፕቶፑን ኪቦርድ ለመቀየር ዕቃው ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት፤ መቼ እንደሚመጣ አልነግርሽም። ለጊዜው ከውጭ የሚሰካ ኪቦርድ ፈልጊ» አለኝ። ጎረቤቴ ያለው ባለሱቅ ከተበላሸ ኮምፒውተር የተረፈች አሮጌ ኪቦርድ አዋሰኝ። ትሠራለች፤ ግን ርዝመቷ! ሁለት ስንዝር ሞልታ ታልፋለች። በቀኝ በኩል ዕድሜ ልኬን ነክቻቸው የማላውቅ የቁጥር ቁልፎች ተደርድረዋል። ቦርሳዬ ውስጥ ስለማትገባ በጋቢ ጠቅልዬ ታቀፍኳት። ወደ ብልባላ ስንሄድ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ሰብሰብ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና፣ «እናቴ፣ ገለጥ አድርጊለት እንጂ፤ ሕፃኑን አየር አሳጣሽው» አሉኝ። ኪቦርድ ነው ብዬ ማስረዳቱ ከበደኝ፤ ገለጥ አደረግሁለት። ሴትዮዋ አይተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እስክንወርድም አላናገሩኝም።

የኔታ ቤት የባሰ ሆነ። ላፕቶፑ አትሮንሱ ላይ፣ ኪቦርዷ ጉልበቴ ላይ ስትሆን አንዱ ጫፏ ምሰሶውን ይገፋል፣ ሌላው ከእግሬ ያልፍና ትንሸራተታለች። አንዱን ጫፍ በክርኔ ደግፌ ስጽፍ ያዩ የየኔታ ባለቤት እንዝርታቸውን አቁመው ሳቁ።

«አንቺዬ፣ ይሄ ደግሞ ሞፈር ነው ወይስ ምንድን ነው?»

«ምን መጣ?» አሉ የኔታ።

«ልጅቱ ልታርስ ነው።»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ቀን የጻፍነው ግን ሁለት ገጽ አይሞላም። ወደ ብልባላ ስመለስ መንገዱን በሙሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትንሽ ኪቦርድ፣ ጉልበቴ ላይ የምትቀመጥ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የምትገባ።

ከዚያ በኋላ የያዘኝን ነገር ምን ልበለው? ደንበኛ ባልያዘኝ ሰዓት ሁሉ ስልኬ ላይ የኪቦርድ ፎቶ አያለሁ። ለካ ትንንሽ ኪቦርድ ብቻውን አንድ ዓለም ነው! የቁጥሩ ክፍል የተቆረጠለት አለ፣ ከላይ ያለው ረድፍ የሌለው አለ፣ የሚታጠፍ አለ። የምፈልገውን በወረቀት ጻፍኩ። ከአንድ ስንዝር ከአራት ጣት እንዳይበልጥ፤ ቻርጅ የማይፈልግ፣ በገመድ የሚሰካ፤ ሽፍት የሚሏት ቁልፍ በሁለቱም በኩል ሰፊ፤ ከኢንተር አጠገብ ያለችው የትንሿ ጭረት (') ቁልፍ ከቦታዋ ያልተነሣች። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አማርኛ የሚጽፍ ያውቃቸዋል። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ያለ ሽፍት አይወጡም። እኔ በምጽፍበት አሠራር ደግሞ የግእዝ ቁጥር የሚመጣው በጭረቷ ነው፤ የኔታ ዘመን ሲቆጥሩ በግእዝ ካልሆነ አይወዱም።

ወረቀቷን ይዤ፣ ላፕቶፔን አዝዬ ወልድያ ወረድኩ። ሦስት ሱቅ ዞሬ ረጃጅሞቹን ብቻ አገኘሁ። አራተኛው ሱቅ ውስጥ ሂጃብ ያደረገች፣ ፊቷ ፈገግታ የማይለየው ሴት ነበረች። የምፈልገውን ስነግራት፣ «አብሽሪ፣ ያለውን ሁሉ አወጣልሻለሁ» አለችና አራት ካርቶን ባንኮኒው ላይ ደረደረች። ሰው ጨርቅ ሲገዛ እንደሚያደርገው እጄን ጠረግሁ።

የመጀመሪያዋ ከስልክ ብዙም አትበልጥም። በሁለት አውራ ጣት ካልሆነ አይጻፍባትም።

«እሷ እንኳ ለቴሌቪዥን ነች» አለች ሴትዮዋ ራሷ።

ሁለተኛዋ እንደ ቦርሳ የምትታጠፍ ነበረች። ስትከፈት እንዴት ታምራለች! ልወስዳት ምንም አልቀረኝም። ግን መታጠፊያዋ ረጅሙን የስፔስ ቁልፍ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ጉልበቴ ላይ ሳኖራት መሐሏ ጎበጠች። ቻርጅም ትፈልጋለች። እየቆጨኝ አጠፍኳትና መለስኩ።

ሦስተኛዋ ነጭ፣ ስስ፣ ቀላል፣ ድምፅ የሌላት። ይቺ ናት አልኩ። ላፕቶፔን ከፍቼ ሰካኋትና «ጠጠር» ብዬ ልጽፍ ስል «ጠ»ው ቀርቶ ጠቋሚዋ ጭረት ወደ ላይኛው መስመር ዘለለች። ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግማ ዘለለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ቦታ ለመቆጠብ ብለው የቀኙን ሽፍት የጥፍር ያህል አድርገውት አጠገቡ የቀስት ቁልፍ ሸጉጠዋል። ትንሹ ጣቴ ሽፍት እየፈለገ ቀስቱን ነው የሚነካው። ጭረቷንም ፈለግኋት፤ ሁለት ቁልፍ አብሮ ካልተጫኑ አትመጣም።

«አልሆነም?» አለች ሴትዮዋ።

«ለእንግሊዝኛ ትሆን ይሆናል። ለእኔ አልሆነችም።»

አራተኛውን ካርቶን ስትከፍት አቧራው ተነሣ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ድንጋይ የከበደች አጭር ኪቦርድ ወጣች። በስንዝሬ ለካኋት፤ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣ ልክ! ሽፍቱ በሁለቱም በኩል ሰፊ። ጭረቷ ከኢንተር አጠገብ፣ ከቦታዋ። ገመዷ የሚነቀልና የሚሰካ። ሰካኋትና «ላሊበላ» ብዬ ጻፍኩ።

ላሊበላ ብሎ ወጣ። አንድም ፊደል ሳይጎድል፣ አራቱም ተሰልፈው።

ጮኽኩ መሰለኝ፤ ቻርጀር ሊገዛ የገባ ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። «ጠጠር፣ ጨው፣ ጳጳስ፣ ጸሎት» ብዬ ቀጠልኩ። ፩፣ ፪፣ ፫ አልኩ። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን ጣቴን በትንሹ ይገፋና «ቀጭ» ብሎ ይመልሰዋል። እጄ አላቆም አለ። ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ አቧራው ጻፍኩ። ቀና ስል ሰውዬውም ሴትዮዋም ስክሪኑን እያነበቡ ይስቃሉ።

«ወላሂ እንዲህ የሚጽፍ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች። ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እውነቱን ልንገርሽ፤ እሷን አንድ ሰውዬ ወስዶ መልሷታል። ስትጮኽ ሚስቱ ተቆጣች አለ» አለችኝ።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። እውነቷን ነው፤ ትጮኻለች። እንደሚፈነዳ ፈንዲሻ ነው የምትንጣጣው። የኔታ ደግሞ ዝማሬ ውስጥ አንድ ጸናጽል ቢዘገይ ከሩቅ የሚለዩ ሰው ናቸው። ነጯንና ጥቁሯን ጎን ለጎን አስቀምጬ ቆምኩ።

«የምትጽፊላቸው ሰው ቁጡ ናቸው?» አለች ሴትዮዋ።

«ቁጡስ አይደሉም። ግን ጆሯቸውን የሚያልፍ ነገር የለም።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። ካልተስማማችሽ መልሻት፤ እሷ እንደሆነች መመለስ ለምዳለች።»

ጣቶቼ ጥቁሯን መርጠው ጨርሰው ነበር። ወሰድኳት። ወደ ላይ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ የጋሸናን ዳገት እያጓራ ሲወጣ፣ ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ሰድጄ ቁልፎቹን በጨለማው እነካካለሁ። አጠገቤ ያለው ሰው ምን እየቆጠርኩ እንደሆነ ሳይገርመው አልቀረም።

ሐሙስ ደረሰ። የኔታ ቤት ገብቼ ላፕቶፑን አትሮንሱ ላይ፣ ኪቦርዷን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ልክ ለጉልበቴ ተለክታ እንደተሠራች ቁጭ አለች። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። የዚያን ቀን ታሪክ የተከዜ ነበር።

«ወደ ዋግ ስንሄድ ተከዜ ሞልቶ ጠበቀን። መምህራችን ቀድመውን ተሻግረው ነበር...»

ጻፍኩ። ቤቱ በቀጭታ ተሞላ። የኔታ አፋቸውን እንደከፈቱ ቆሙ።

«ምንድን ነው እሱ የሚንጣጣው?»

«ኪቦርዱ ነው የኔታ። አዲስ ነው። ከረበሽዎት ቀስ እያልኩ...»

«ቆይ፣ ቆይ። እስቲ ቀጥዪ።» ሁለት ቃል ተናገሩ። ጻፍኳቸው። ሌላ ሁለት ቃል ጨመሩ፤ ጻፍኩ። ጭንቅላታቸውን ወደ እኔ አዘንብለው የእጃቸውን ጣት ጉልበታቸው ላይ ማንሣት ማሳረፍ ጀመሩ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«እሰይ! እስከ ዛሬ እኮ ትጻፊ አትጻፊ አላውቅም ነበር። ዝም ያለ ቤት ውስጥ ብቻዬን የምለፈልፍ እየመሰለኝ ነው አለሽ አለሽ የምልሽ። አሁን ሰማሁሽ!»

ስንት ሐሙስ ሙሉ ሰውዬውን በዝምታ ውስጥ ብቻቸውን ትቻቸው ኖሯል፤ እኔ ደግሞ እርጅና ነው እል ነበር። ነጯን ብገዛ ኖሮ እስከ መጨረሻው እንደዚያው ልቀጥል ነበር።

ያን ቀን «አለሽ?» አላሉኝም። ቀጭታው ሲያልቅ ቀጣዩን ቃል ይሰጡኛል፤ ስዘገይ ይጠብቁኛል፤ ስፈጥን እሳቸውም ይፈጥናሉ። ወንዙ ሦስት ቀን እንዳልጎደለ፣ የውኃው ጩኸት ድምፅ አላሰማ ስላለ መምህራቸው በመቋሚያ ምቱን በዓይን እያሳዩ እንዳስተማሯቸው ነገሩኝ። እነሱም በወዲህ በኩል ተሰልፈው፣ ሳይሰሙ፣ እያዩ ብቻ ተማሩ። በመካከሉ ድንገት እጃቸውን አነሡ።

«ተይ። አጭር ሆነችብኝ።»

«ምኗ የኔታ?»

«የአሁኗ። ከተናገርኩት አነሰች። እስቲ አንብቢያት።»

አነበብኩ። «መምህራችን ቆመው በመቋሚያቸው ምቱን ያሳዩን ነበር።»

«ማዶ ቆመው ነው ያልኩሽ። ማዶን የት ጣልሻት?»

እውነትም ዘልያታለሁ። ባለቤታቸው እንዝርቱን ትተው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔ ደግሞ በሳቅም በመገረምም መሐል ሆኜ «ማዶ»ን አስገባሁ። ያቺ ቃል ከሌለች ታሪኩ ሁሉ የለም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው መጣ። «ወፈር ያለ ድምፅ ያላት አንዲት አለች። በየመካከሉ ትመጣለች። እሷ ምንድን ናት?»

«ስፔስ ናት፤ በቃልና በቃል መካከል ባዶ ቦታ የምትተው።»

«እንግዲያማ ቃሉን የምትቆጥርልኝ እሷ ነቻ!» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «አምጫት፣ ልያት።»

ኪቦርዷን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው። ከበሮ ሲመቱ የኖሩት ጣቶች ረድፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ጣታቸውን ይዤ «ይቺ መ ናት፣ ይጫኗት» አልኳቸው። ተጫኑ።

«ምን ወጣ?»

«ም ወጣ።»

«ሳድሱ?»

«አዎ፣ ብቻዋን ስትመታ ሳድስ ናት። ሁለተኛ ምት ሲጨመርባት ነው መ፣ ሙ፣ ሚ እያለች የምትሄደው።»

መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ሳድስ በአንድ ምት! ግእዝ በሁለት፣ ካዕብ በሁለት! ይሄንን የሠራ ሰው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ መሆን አለበት።» እየመራኋቸው «ማዶ» ብለው ጻፉ። ሁለት ፊደል፣ አራት ምት። ባለቤታቸው ተነሥተው መጥተው ስክሪኑን አዩ። ፊደል አይለዩም፤ ግን «እውነትም ጽፈዋል!» ብለው እልል አሉ።

ሐሙሶቹ እንዲህ ሆኑ። አንዳንድ ቀን ሰባት ስምንት ገጽ እንሄድ ነበር። ባትሪው ሲያልቅ ሁለታችንም እንናደዳለን። ከመንደሩ ሰዎች «መኪናዋን እንስማት» ብለው ጎራ የሚሉ ነበሩ፤ ጥግ ይዘው የየኔታን ታሪክ ሰምተው ይሄዳሉ። አንድ ቄስ፣ የይምርሐነ ክርስቶስ አገልጋይ፣ እያዳመጡ ቆይተው «የኔታ፣ ይሄንን እኮ ለእኛም ነግረውን አያውቁም» አሏቸው። «ማን ጠየቀኝ?» አሉ የኔታ።

ክረምቱ ሳይገባ ጨረስን። ክፍሌ ውስጥ አትሜ፣ ጠርዤ፣ ብልባላ ደርሼ በእግሬ ወሰድኩላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ክብደቱን እንደሚመዝን ሰው በእጃቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት። «ከበድ ይላል» አሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ ብለው ሁለት ቀን ሙሉ አነበብኩላቸው። አሥራ ሁለት ስሕተት አወጡብኝ፤ ሦስቱ ሐመሩ ሐ በሃሌታው ሀ ቦታ እንዳይገባ በየመካከሉ «የቱን ጻፍሽው?» እያሉ ጠይቀው የያዙኝ ናቸው።

ንባቡ ያለቀ ዕለት ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ባለቤታቸው እንዝርቱን ጎናቸው አኖሩ።

«አልቋል?» አሉኝ።

«አልቋል እማ።»

«እሳቸው ሀገር ለሀገር ሲዞሩ ቤቱን ማን ሲያቆመው እንደኖረ ግን አልተጻፈም።»

የኔታ ወደ ድምፁ ዞሩ። ምን ሊሉ ነው ብዬ ስጠብቅ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከመደቡ ጫፍ ፈቀቅ አሉላቸው። «እውነቷን ነው» አሉ። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። እኔ እሰማለሁ።»

ባለቤታቸው አፈሩ፤ መጀመሪያ ምን እንደሚባል አላውቅም አሉ። «ከፈለጉበት ይጀምሩ» አልኳቸው። ባትሪው ገና ግማሽ ነበር። አዲስ ገጽ ከፍቼ ኪቦርዷን ጉልበቴ ላይ አመቻቸሁ፤ ጣቶቼን አሳርፌ ጠበቅሁ።

«እኔ የተዳርኩት በገብስ አጨዳ ወቅት ነው» አሉ። «ጻፍሽው?»